የአከርካሪ አጥንት ጥመት የራጅ ውጤት እንዴት ይነበባል?

መግቢያ

አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ፀጉር ስትጎነጉን የልጅቱ ቀኝ ትከሻ ከግራው ከፍ ማለቱን፣ የቀኙ የጀርባ ጎኗም ከግራው ጎላ ብሎ መውጣቱን ታስተውላለች። ልጅቱ ሕመም የላትም፤ ትጫወታለች፣ ትማራለች። እናት ግን ስጋት ስላደረባት ወደ ጤና ተቋም ትወስዳታለች፤ ራጅም ይታዘዛል። ከምርመራው በኋላ ፊልሙ ያለበት ትልቅ ፖስታና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ውጤት ይሰጣታል። የአጥንት ሐኪም ቀጠሮ ገና ሳምንታት የሚቀሩት ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ወረቀቱ ከዘመድ ወደ ጎረቤት ይዘዋወራል። አንዱ «ስኮሊዮሲስ» የሚለውን ቃል አንብቦ ልጅቱ ሽባ ልትሆን ነው ብሎ ያስደነግጣል። ሌላው «ስታድግ ይስተካከላል» ብሎ ያረጋጋል። ሦስተኛው ወጌሻ ዘንድ ተወስዳ እንድትታሽ ይመክራል። የመጀመሪያው ምክር ያለ በቂ ምክንያት ያስጨንቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ምክንያቱም ሕክምናው የሚረዳው አጥንት በማደግ ላይ ባለበት ወቅት ስለሆነ ያለፈውን ጊዜ መልሶ ማግኘት አይቻልም። የሦስተኛው አደጋ ደግሞ ከዚህ በታች ይገለጻል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአከርካሪ ጥመት የራጅ ውጤት ላይ በብዛት የሚገኙትን ቃላትና ቁጥሮች ትርጉም ማስረዳት ነው። ይህ የሐኪምን ውሳኔ አይተካም። ታካሚውና ቤተሰቡ ግን የያዙት ወረቀት ምን እንደሚል ካወቁ የቀጠሮውን አጣዳፊነት ይገነዘባሉ፤ ለሐኪሙም ተገቢውን ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ።

ለአብነት የቀረበ ውጤት

ቀጥሎ ያለው ውጤት ለማስረዳት ሲባል የተዘጋጀ እንጂ የማንም ታካሚ አይደለም። አቀራረቡ ግን በተግባር ከሚጻፉት ጋር ተመሳሳይ ነው።

«ዕድሜ 12፣ ጾታ ሴት። ምርመራ፦ የሙሉ አከርካሪ ራጅ፣ በቁም፣ ከኋላ ወደ ፊትና ከጎን የተነሳ። ግኝት፦ ከቲ5 እስከ ቲ11 የተለካ፣ አፔክሱ ቲ8 የሆነ፣ 28 ዲግሪ ቶራሲክ ደክስትሮስኮሊዮሲስ። ከቲ11 እስከ ኤል4 የተለካ 17 ዲግሪ ኮምፔንሳቶሪ ሌቮስኮሊዮሲስ። ሮቴሽን ግሬድ 2። ካይፎሲስ ከቲ5 እስከ ቲ12 18 ዲግሪ። ሪሰር 1። የአንጓ አፈጣጠር ጉድለት አልታየም። የዲስክ ክፍተቶች አልጠበቡም። ኢምፕሬሽን፦ አዶለሰንት ኢዲዮፓቲክ ስኮሊዮሲስ የሚመስል። ከክሊኒካዊ ምርመራ ጋር ይገናዘብ።»

ማንኛውም የራጅ ውጤት በአብዛኛው አራት ክፍሎች አሉት። እነዚህም ራጁ የታዘዘበት ምክንያት፣ የምርመራው ዓይነት፣ በፊልሙ ላይ የታየው ግኝት፣ በመጨረሻም «ኢምፕሬሽን» የሚባለው የራጅ ሐኪሙ ማጠቃለያ ናቸው። ብዙ ሰው ማጠቃለያውን ብቻ ያነብባል። በአከርካሪ ጥመት ረገድ ግን ለሕክምና ውሳኔ የሚያገለግሉት ቁጥሮች የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በግኝቱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ እርሱን መዝለል አይገባም።

«በቁም» የሚለው ቃልም ትርጉም አለው። ሰው ሲተኛ የሰውነት ክብደት ከአከርካሪው ላይ ስለሚነሳ ጥመቱ ካለበት መጠን አንሶ ይታያል። ስለሆነም ተኝቶ የተነሳን ራጅ ቆሞ ከተነሳ ራጅ ጋር ማነጻጸር ወደ ስሕተት ይመራል። መቆም የማይችሉ ልጆች ተቀምጠው ወይም ተኝተው ሊነሱ ይችላሉ፤ ይህም በውጤቱ ላይ መገለጽ አለበት።

የአንጓዎች ስምና ቁጥር

አከርካሪ እርስ በርስ ከተያያዙ አንጓዎች የተሠራ ነው። በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5 አንጓዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ በታች አምስት አንጓዎች ተዋሕደው የሠሩት ሳክረም የሚባለው አጥንት አለ፤ ከእርሱም በታች የጭራ አጥንት ይከተላል። በውጤቱ ላይ የአንገቶቹ «ሲ»፣ የደረቶቹ «ቲ»፣ የወገቦቹ «ኤል» በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይወከላሉ። ቁጥራቸው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ «ቲ8» ማለት ስምንተኛው የደረት አንጓ ማለት ሲሆን የሚገኘውም በትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች የታችኛው ጫፍ አካባቢ ነው።

«ቶራሲክ» የደረትን፣ «ለምባር» የወገብን፣ «ቶራኮለምባር» የሁለቱን መገናኛ ክፍል ያመለክታል። ጥመቱ ከእነዚህ በአንዱ የሚሰየመው «አፔክስ» በሚገኝበት ሥፍራ ነው። አፔክስ ማለት የቅስቱ አናት፣ ማለትም ከሰውነት መሐል መስመር እጅግ የራቀው አንጓ ወይም ዲስክ ነው። ከላይ በቀረበው አብነት አናቱ ቲ8 ላይ ስለሆነ ጥመቱ የደረት ጥመት ተብሏል።

አንዳንድ ሰው የወገብ አንጓው አራት ወይም ስድስት ሆኖ ይፈጠራል። በውጤቱ ላይ «ትራንዚሽናል» የሚል ቃል ከተጻፈ ይህንን ለማመልከት ነው። በራሱ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን አንጓ ሲቆጠር ስሕተት እንዳይፈጠር ይመዘገባል።

የጥመቱ አቅጣጫ

«ስኮሊዮሲስ» ጠማማ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን አከርካሪ ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ ወደ ጎን መጥመሙን ያመለክታል። በላቲን «ደክስትሮ» ቀኝ፣ «ሌቮ» ግራ ማለት ነው። የሚያመለክቱትም ቅስቱ ወደ ውጭ የወጣበትን ጎን ነው። ስለዚህ ደክስትሮስኮሊዮሲስ ማለት አናቱ ወደ ቀኝ የወጣ ጥመት ነው። አንዳንድ የራጅ ሐኪሞች ይህንኑ «ወደ ቀኝ ኮንቬክስ» ብለው ይጽፉታል፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

አቅጣጫው ተራ መረጃ አይደለም። ምክንያቱ ባልታወቀው የታዳጊዎች ጥመት የደረት ቅስት በአብዛኛው ወደ ቀኝ ይወጣል። የደረት ጥመት ወደ ግራ ሲሆን፣ በተለይም ልጁ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ፣ ከባድ ሕመም ካለው ወይም የእግር መድከም ከታየበት፣ ሐኪሙ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የተደበቀ ችግር መኖር አለመኖሩን ለማጣራት የኤምአርአይ ምርመራ ሊያዝዝ ይችላል።

ቤተሰብ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ሲመለከት ቀኝና ግራው ሊምታታበት ይችላል። የደረት ራጅ የሚታየው ታካሚው ከተመልካቹ ፊት ለፊት እንደቆመ ተደርጎ ነው። የጥመት ራጅ ግን በአጥንት ሐኪሞች ልማድ ታካሚው ከኋላ እንደሚታይ ተደርጎ ይቀመጣል። በመሆኑም በግምት ከመደምደም በፊልሙ ጥግ ላይ ያለውን የቀኝ ወይም የግራ ምልክት መፈለግ ይገባል።

«ኮምፔንሳቶሪ» የሚለው ቃል ማካካሻ ማለት ነው። ዋናው ቅስት ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሰውነት ጭንቅላቱን በዳሌው መሐል ለማቆየት ሲል ከላይ ወይም ከታች ተቃራኒ ቅስት ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ መጻፋቸው ሁለት በሽታ መኖሩን አያመለክትም። ትልቁ «ሜጀር»፣ ትንሹ «ማይነር» ይባላል። ታካሚው ወደ ጎን ሲታጠፍ በሚገባ የሚቃና ቅስት «ስትራክቸራል ያልሆነ»፣ ሲታጠፍም የማይቃናው ደግሞ «ስትራክቸራል» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ልዩነት በተለይ ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ ያስፈልጋል።

የኮብ ማዕዘን

በውጤቱ ላይ ከሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ዋነኛው ይህ ነው። አለካኩን እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ኮብ ስለነበሩ በስማቸው ይጠራል። ሐኪሙ ከቅስቱ በላይና በታች እጅግ ያዘነበሉትን ሁለት አንጓዎች ይመርጣል፤ እነዚህም የጫፍ አንጓዎች ይባላሉ። ከላይኛው አንጓ የላይ ገጽና ከታችኛው አንጓ የታች ገጽ ጋር ትይዩ የሆኑ መስመሮች ይሰመራሉ። ሁለቱ መስመሮች የሚፈጥሩት ማዕዘን በዲግሪ ይለካል። በአብነቱ «ከቲ5 እስከ ቲ11፣ 28 ዲግሪ» የተባለው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

ቁጥሩ በጥቅሉ እንደሚከተለው ይተረጎማል።

ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ መዛነፍ ስኮሊዮሲስ አይባልም። ፍጹም ቀጥ ያለ አከርካሪ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በአቋቋም ወይም በጡንቻ መኮማተር ምክንያትም ትንሽ መዛነፍ ሊታይ ይችላል።

ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ያለው መጠነኛ ጥመት ሲሆን በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየጊዜው ክትትል ይደረግለታል። ከታዳጊዎች መካከል ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ጥመት ይኖራቸዋል፤ አብዛኞቹም ከክትትል በቀር ሌላ ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ «ብሬስ» የሚባለው፣ ግንድ አካልን አቅፎ የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ ይታሰብለታል።

ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል። የደረት ጥመት ከ80 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሳንባን ሥራ የማወክ ዕድሉ ይጨምራል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ የትንፋሽ ችግሩ ከባድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ጥመት በኢትዮጵያ ሳይታከሙ በቆዩ ልጆች ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ዶክተር ሪክ ሆድስ ከሚከታተሏቸው ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ በጋና፣ አክራ፣ በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቼ አጄይ በተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2012 በተከፈተው የአጥንት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ለእነዚህ ሕፃናት የደረሰው ሕክምና እጅግ ውስብስብ ነው፤ ጥመቱ በ30 ዲግሪ ሳለ ቢታወቅ ኖሮ ለብዙዎቹ ቀላል አማራጭ ይኖር ነበር።

«ሮቴሽን»፦ የአንጓው መዞር

ስኮሊዮሲስ ወደ ጎን መጥመም ብቻ አይደለም፤ አንጓዎቹ በራሳቸው ዛቢያ ላይ ይዞራሉ። የጎድን አጥንቶች ከደረት አንጓዎች ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይዞራሉ፤ በጀርባ በኩል የሚታየው ጉብታም የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ወደ ፊት አጎንብሶ እጆቹን ሲያንጠለጥል ጉብታው ጎልቶ ይታያል። ይህን ቀላል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1865 የገለጹት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም አዳምስ ናቸው፤ መምህራንና ወላጆችም ሊያደርጉት ይችላሉ።

በራጅ ላይ እያንዳንዱ አንጓ «ፔዲክል» የሚባሉ ሁለት ክብ ጥላዎች አሉት፤ እንደ ሁለት ዓይን ሆነው ይታያሉ። አንጓው ካልዞረ ሁለቱም ከጠርዙ እኩል ይርቃሉ፤ ይህ ግሬድ 0 ነው። ሲዞር በቅስቱ ውጫዊ ጎን ያለው ዓይን ወደ መሐል ይጠጋል። ግሬድ 3 ላይ መሐል መስመሩ ላይ ይደርሳል፤ ግሬድ 4 ላይ ደግሞ መሐሉን ያልፋል። ከአንድ አንጓ ላይ አንዱ ዓይን ፈጽሞ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አጥንቱን የሚበላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ውጤቱ በአስቸኳይ ለሐኪም መቅረብ አለበት።

«ሪሰር»፦ ምን ያህል ዕድገት ቀረ?

ብዙ ቤተሰብ ይህን ቃል ሳያስተውል ያልፈዋል። ሆኖም ከኮብ ማዕዘን ቀጥሎ ለውሳኔ የሚያገለግለው ይህ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ሪሰር እ.ኤ.አ. በ1958 እንደገለጹት በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ላይ ያለው የዕድገት ክፍል ከውጭ ጫፉ ጀምሮ ወደ መሐል አቅጣጫ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ይህን ሂደት በመመልከት የቀረውን ዕድገት መገመት ይቻላል።

ሪሰር 0 ሲባል ለውጡ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ሪሰር 1 ሩብ፣ 2 ግማሽ፣ 3 ሦስት አራተኛ ያህሉ መለወጡን ያሳያል። 4 ሲሆን ጠርዙ በሙሉ ተሸፍኗል፤ 5 ሲሆን ከዳሌው ጋር ተዋሕዶ ዕድገት አብቅቷል። ልጆች ቁመት በፍጥነት የሚጨምሩበት ወቅት የሚያልፈው ሪሰር ገና 0 ሳለ ነው። በልጃገረዶች ይህ ወቅት የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ያለው ጊዜ ስለሆነ ሐኪሙ ስለ ወር አበባ አጀማመር መጠየቁ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች የአጥንትን ዕድሜ ይበልጥ በትክክል ለማወቅ የግራ እጅ ራጅ ያዝዛሉ።

ማዕዘኑና ዕድገቱ አንድ ላይ ሲነበቡ

አንድ ዓይነት ማዕዘን በሁለት ሰዎች ላይ ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ሎንስቲንና ካርልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ጥመታቸው ከ20 እስከ 29 ዲግሪ ከነበረና ሪሰራቸው 0 ወይም 1 ከነበረ ታዳጊዎች መካከል በ68 በመቶው ላይ ጥመቱ ተባብሷል። ማዕዘኑ ተመሳሳይ ሆኖ ሪሰራቸው ከ2 እስከ 4 በነበሩት ላይ ግን የተባባሰው በ23 በመቶው ብቻ ነው። ጥመታቸው ከ20 ዲግሪ በታች፣ ሪሰራቸውም ከ2 እስከ 4 በነበሩት ላይ ቁጥሩ ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል።

በዚህ መሠረት ለአብነት የቀረበችው የ12 ዓመት ልጅ 28 ዲግሪና ሪሰር 1 የተጻፈላት በመሆኑ ጥመቷ የመባባስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ቀጠሮዋም ሊራዘም የማይገባው ነው። ተመሳሳይ 28 ዲግሪ በአርባ ዓመት እናቷ ላይ በአጋጣሚ ቢገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙም የማይለወጥና የተለየ ሕክምና የማያሻው ይሆናል። ዕድገት ካበቃም በኋላ በአዝጋሚ ሁኔታ መጨመራቸውን ሊቀጥሉ የሚችሉት በተለይ ከ50 ዲግሪ በላይ የሆኑት ናቸው።

በወቅቱ የተጀመረ ሕክምና ለውጥ እንደሚያመጣም ተረጋግጧል። በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ብሬስ ካደረጉት ታዳጊዎች 72 በመቶው ጥመታቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል። ያለ ብሬስ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው መካከል ለዚህ የበቁት 48 በመቶው ነበሩ። ብሬሱን በቀን ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ የለበሱት ከሁሉም የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የብሬስ ዓላማ ጥመቱ እንዳይባባስ መግታት እንጂ አከርካሪውን ፍጹም ማቃናት አለመሆኑን ቤተሰብ ከመነሻው ማወቅ አለበት።

ከጎን የሚታየው ቅርጽ

ጤናማ አከርካሪ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም። ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ አንገትና ወገብ ላይ ወደ ፊት ይቀሰታል። የመጀመሪያው «ካይፎሲስ»፣ ሁለተኛው «ሎርዶሲስ» ይባላል። ስለዚህ «ካይፎሲስ» የሚለው ቃል ብቻውን በሽታን አያመለክትም፤ ከቲ5 እስከ ቲ12 ሲለካ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ጤናማ ነው። በአብነቱ የተጻፈው 18 ዲግሪ በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል። «የሎርዶሲስ መቀነስ» የሚለው ሐረግም በወገብና በአንገት ራጅ ላይ አዘውትሮ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ በሕመም ምክንያት ጡንቻ መኮማተሩን ወይም በራጁ ጊዜ የነበረውን አቋቋም ያሳያል።

ምክንያቱን የሚጠቁሙ ቃላት

«ኢዲዮፓቲክ» ማለት ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት ነው። ከአከርካሪ ጥመቶች መካከል 80 በመቶ ያህሉ በዚህ ሥር ይመደባሉ። «አዶለሰንት» የሚለው ደግሞ የታየው በጉርምስና ዕድሜ መሆኑን ይገልጻል። ይህ ዓይነቱ ጥመት ከባድ የደብተር ቦርሳ በመሸከም፣ በአቀማመጥ ወይም ልጅን በማዘል የሚመጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስለሆነም እናቶች ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም። በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ካለ ግን እኅትና ወንድምን ማስመርመር ተገቢ ነው።

«ኮንጀኒታል» ማለት ከማኅፀን ጀምሮ የመጣ ማለት ነው። «ሄሚቨርቴብራ» በግማሽ ብቻ የተፈጠረ አንጓን፣ «አንሰግመንትድ ባር» ደግሞ ሳይለያዩ የቀሩ አንጓዎችን ያመለክታል። ሁለቱ በተቃራኒ ጎን አንድ ላይ ሲገኙ ጥመቱ እጅግ በፍጥነት ይባባሳል። የአከርካሪ አንጓዎች፣ ኩላሊትና ልብ በጽንሱ ውስጥ በተቀራራቢ ጊዜ ስለሚፈጠሩ እነዚህ ቃላት የተጻፈበት ልጅ የኩላሊትና የልብ አልትራሳውንድ ምርመራም ያስፈልገዋል።

«ኒውሮመስኩላር» በነርቭ ወይም በጡንቻ በሽታ የመጣን፣ «ዲጀነሬቲቭ» በዕድሜ ብዛት ከዲስክና ከመገጣጠሚያ ማርጀት የመጣን ጥመት ይገልጻል። «ፔልቪክ ኦብሊኪቲ» የዳሌ ማዘንበል ነው፤ ምክንያቱ የእግሮች ርዝመት አለመመጣጠን ከሆነ ከጫማ ሥር በሚደረግ ከፍታ ብቻ አከርካሪው ሊቃና ይችላል።

ልዩ ትኩረት የሚሻው ግን የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1779 በገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም በፐርሲቫል ፖት ስም «ፖትስ ዲዚዝ» ተብሎም ይጠራል። እንደ ነቀርሳ ባሉ በሽታዎች በተጠቁ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የጀርባ መጉበጥ ሲታይ መጀመሪያ ከሚታሰቡት አንዱ ነው። ከኢዲዮፓቲክ ጥመት የሚለየው በአብዛኛው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት በመጉበጡ ነው። በውጤቱ ላይ «ጊበስ» የሚል ቃል ከተገኘ ሹል ጉብታ መኖሩን ያመለክታል። «የዲስክ ክፍተት መጥበብ»፣ «የአንጓ አካል መደርመስ» እና «ፓራስፓይናል» ማለትም በአከርካሪ ዙሪያ የታየ እብጠት ወይም መግል የሚሉ ግኝቶች አንድ ላይ ሲጻፉ፣ በተለይም የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የማያቋርጥ የጀርባ ሕመም ካለ፣ ጊዜ መስጠት አይገባም። በእግር ላይ መደንዘዝ ወይም መድከም፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከተጨመረ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የፀረ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

የወጌሻ እሽት አደጋም እዚህ ላይ ነው። ኢዲዮፓቲክ ጥመት በእሽት አይቃናም። በነቀርሳ የተበላ አንጓ ግን በኃይል ሲጫኑት ሊደረመስና ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል።

የሚያስደነግጡ ግን ቀላል የሆኑ አገላለጾች

«አንሪማርከብል» የሚለው ቃል ምንም የተለየ ነገር አልታየም ማለት ስለሆነ መልካም ዜና ነው። «ስፓይና ቢፊዳ ኦከልታ» በአንድ አንጓ የጀርባ ቅስት ላይ የቀረች ትንሽ ክፍተት ናት፤ በብዙ ጤነኞች ላይ በአጋጣሚ ትገኛለች። «ኦስቲዮፋይት» ከዕድሜ ጋር በአንጓ ጠርዝ ላይ የሚወጣ የአጥንት ሾህ ነው። «ከክሊኒካዊ ምርመራ ጋር ይገናዘብ» ማለት የራጅ ሐኪሙ ታካሚውን በአካል ስላላየው የመጨረሻው ፍርድ የመርማሪው ሐኪም ነው ማለት ነው። የተደበቀ መጥፎ ዜናን አያመለክትም።

ሁለት ራጆችን ማነጻጸር

ጥመት የሚመዘነው በአንድ ራጅ ሳይሆን በለውጡ ነው። ይሁንና አንዱን ፊልም ሁለት ሐኪሞች ሲለኩት እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስለሆነም 28 የነበረው 30 ቢሆን ተባብሷል፣ 25 ቢሆን ድኗል ለማለት አይቻልም። ከ5 ዲግሪ በላይ የሆነና በተመሳሳይ የጫፍ አንጓዎች መካከል የተለካ ለውጥ ግን በቁም ነገር ይወሰዳል።

በኢትዮጵያ ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚሻው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ውጤት በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ካልተስተዋለ የልጁ ዕድሜም ሆነ በሁለቱ ራጆች መካከል ያለፈው ጊዜ ይዛባል። ፊልሞችን ሳያጥፉ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ጠብቆ፣ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ በፖስታው ላይ ጽፎ ማስቀመጥ የቤተሰብ ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ከጠፋ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት መነሻ አይኖረውም።

ይህ ሲባል ግን ራጅ በየጊዜው ይነሳ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት ለአከርካሪ ጥመት በተደጋጋሚ፣ በአማካይ 25 ጊዜ ያህል፣ ራጅ የተነሱ 5,573 ሴቶችን ተከታትሎ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ከሚጠበቀው 70 በመቶ ያህል በልጠው አግኝቷቸዋል። የዛሬ መሣሪያዎች የሚሰጡት ጨረር ከዚያን ጊዜው እጅግ ያነሰ ነው። ጨረሩ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያልፍ መደረጉም ጡት ላይ የሚያርፈውን መጠን ይቀንሳል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ የክትትል ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ልዩነት ይታዘዛል። የቀድሞው ፊልም ስለጠፋ ብቻ ራጅ መድገም ግን አላስፈላጊ ጨረር ነው።

ማጠቃለያ

ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ሕመምን፣ የነርቭን ጤንነት፣ የልጅን ስሜት ግን አያሳይም። ስለዚህ ወረቀቱ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ቢሆንም በአግባቡ የተነበበ ውጤት ቤተሰብን ከሁለት አደጋዎች ይጠብቃል፤ እነርሱም ከንቱ ድንጋጤና ጎጂ መዘናጋት ናቸው።

ቤተሰብ ወደ ቀጠሮው ሲሄድ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዞ ቢቀርብ ይጠቅማል። የኮብ ማዕዘኑ ስንት ነው፤ የተለካውስ ከየትኛው አንጓ እስከ የትኛው ነው? ሪሰሩ ስንት ነው፤ ልጁስ ምን ያህል ዕድገት ይቀረዋል? የአፈጣጠር ጉድለት፣ የነቀርሳ ወይም የሌላ በሽታ ምልክት አለ? ቀጣዩ ራጅ መቼ ነው፤ ማዕዘኑ ስንት ቢደርስ ሕክምናው ይለወጣል?

ፀጉር ስትጎነጉን የልጇን ትከሻ ያስተዋለችው እናት ዋናውን ሥራ አስቀድማ ሠርታለች። በእጇ ባለው ወረቀት ላይ «28 ዲግሪ» እና «ሪሰር 1» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ከቻለች ደግሞ ቀጠሮው እንዲቀርብላት የምትጠይቅበትን ምክንያት ለሐኪሙ ማስረዳት ትችላለች።